ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ የተጠገነው ድልድይ

በመሥሪያ ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው በስተግራ፣ በሩ ሲከፈት የሚያቃስት ክፍል ነበረ። እዚያ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጠውን ሰው በስሙ የሚጠራው አልነበረም። «ጋሽ በሂደት» ነበር የሚባለው። ሥራው ለምክር ቤት አባላት የጽሑፍ ጥያቄ መልስ መጻፍ ነው። አንድ የሕዝብ እንደራሴ «ይህ መንገድ ለምን ፈረሰ? ያ ጉድጓድ ለምን አልተደፈነም?» ብለው በጽሑፍ ሲጠይቁ፣ ሚኒስትሩ ፈርመው የሚልኩትን መልስ የሚያዘጋጀው እሱ ነበር። ቅጽል ስሙም የወጣለት ከመልሶቹ ነው። ከአሥር መልስ ዘጠኙ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ይገኛል» ብሎ ያበቃል። አሥረኛው በዚያው ይጀምራል።

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ የምጽፈውን የሚያነብ ሰው እንዳይፈርድበት ነው። ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይገባል፤ የእጅ ጽሕፈቱ እንደ ዶቃ የተሰካ ነው፤ ቂም አያውቅም። የሚያውቀውን ሁሉ ግን የሚያውቀው ከወረቀት ነበር።

እኔ በዚያው ሕንፃ ምድር ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ፋይል ተሸክሜ ስወጣና ስወርድ ነው ያረጀሁት። ማንበብ የተማርኩት በአርባ አራት ዓመቴ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ለተሸከምኩት ፋይል ሁሉ ትልቅ አክብሮት ነበረኝ።

የምክር ቤቱ ደንብ ለጽሑፍ ጥያቄ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ መልስ ይሰጥ ይላል። ጥያቄው ከአፈ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ወጥቶ፣ ሚኒስትሩ ቢሮ ገብቶ፣ መሸኛ ተጽፎለት፣ ከመምሪያ ወደ ክፍል ከክፍል ወደ ክፍል እየተመራ ጋሽ በሂደት ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ አሥራ ሦስቱ ቀን አልቋል። ለእሱ የሚቀረው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ከሰዓት በኋላ የሚሠራው ሥራ ደግሞ የታወቀ ነው። ስልኩን ያነሳና «አባባ፣ የዓምናውን ያምጡልኝ» ይለኛል። አመጣለታለሁ። የዓምናውን መልስ ከካቻምናው ጋር ያስተያያል። ሁለቱ ከተስማሙ ጠርዙ ላይ በእርሳስ «ተጣርቷል» ብሎ ይጽፋል። በእኛ ቤት ማጣራት ማለት ይህ ነበር፤ ወረቀት ለወረቀት ይመሰክራል፣ ሁለቱም ነፃ ይወጣሉ።

ሄዶ ማየት የሚባል ነገር በአሠራሩ ውስጥ አልነበረም። ለማየት መኪና ያስፈልጋል፣ ለመኪና ማመልከቻ፣ ለማመልከቻ ፊርማ። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው።

ከፋይሎቹ አንዱ «የእግረኛ ድልድይ ቁጥር 14/ለ» ይባል ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ እንደራሴ ይህ ድልድይ ሳንቃው ተነቃቅሎ ለምን እንደቀረ ጠየቁ። በዚያ ዓመት አንድ ተቋራጭ የጥገናውን ብረት አራግፎ ጠፍቷል። ጋሽ በሂደት የማራገፊያውን ሰነድ አየና «ጥገናው ሰባ ከመቶ ደርሷል» ብሎ ጻፈ። በዓመቱ ሌላ ሰው ጠየቀ። ሰባ ብሎ መድገም መሥሪያ ቤቱ ዓመት ሙሉ ተኝቶ ከረመ ማለት ይሆናል፤ ስለዚህ ሰባ አምስት አለ። በሦስተኛው ዓመት ሰማንያ። እንዲህ በያመቱ አምስት አምስት እየጨመረለት፣ ያ ድልድይ አንድ አናጢ ሳይነካው፣ አንድ ብሎን ሳይጠብቅለት ዘጠና አምስት ገባ። ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው ነው፤ የእኛዋ ላም ግን በያመቱ ትወልድ ነበር።

በሰባተኛው ዓመት ጥያቄው ሲመጣ ግን ችግር ተፈጠረ።

«አባባ» አለኝ ፋይሉን ሳቀብለው፣ «ዘንድሮ መቶ ሊሞላ ነው።»

«እንኳን ደስ አለህ።»

«አይቀልዱ። መቶ ካልኩ እኮ ያስመርቁታል። ሪባንና መቀስ ይዘው ይሄዳሉ።»

«ታዲያ መልሰው። ዘጠና በለው።»

«እንዴት አድርጎ? ያደገ ልጅ ይቀንሳል እንዴ?»

እስክሪብቶውን ጥርሱ ላይ አድርጎ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ «ጥገናው ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ የደረሰ ሲሆን ቀሪው ሥራ በሂደት ላይ ይገኛል» ብሎ ጻፈና እንደ ሸክም ያወረደ ሰው ተነፈሰ።

የዚያ ዓመት ጠያቂ አዲስ የተመረጡ ሴት ነበሩ። ከምርጫው በፊት ሠላሳ ዓመት በአዋላጅነት ስለሠሩ በቢሯችን «አዋላጇ» ይባላሉ። ሌሎቹ እንደራሴዎች ይጠይቃሉ፣ መልሱን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣሉ፣ ምርጫ ሲደርስ «ጠይቄላችሁ ነበር» ይላሉ። እኚህ ሴት ግን መልሱን ያነቡት ነበር። አንብበውም አይተዉትም፤ አባዝተው አቤቱታውን ላቀረበላቸው ሰው ይሰጡታል። ይህን ልማዳቸውን ጋሽ በሂደት አያውቅም።

ጋሽ በሂደትን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እናትና አባታቸው ቶሎ ስላለፉ፣ እሷ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትደርስ ስፌት ማሽን ፊት ተቀመጠች። ፔዳል እየረገጠች እሱን አስተማረች። ለጎረቤቶቿ «ወንድሜ ለመንግሥት ይጽፋል» ትላለች። ምን እንደሚጽፍ ግን፣ ፊደል ስለማታውቅ፣ ጠይቃው አታውቅም።

ቤቷ ከፈፋው ወዲህ ነው። ማሽኗ ደግሞ ከፈፋው ወዲያ፣ የገበያው በረንዳ ላይ ነው። በመካከል የሰፈሩ ሰው «ብረቱ» የሚለው ድልድይ አለ። ሳንቃው ካለቀ ወዲህ ሰው ወደ ፈፋው እየወረደ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ ይሻገራል። ክረምት ገብቶ ጎርፍ ሲሞላ ያም ይቀራል፤ በዋናው መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል መዞር ነው። በዚያ ሰሞን እህትየው ፈፋው ውስጥ ወድቃ ዳሌዋን ተጎዳች። ሐኪሙ አጥንቷ ስላልተሰበረ እንኳን ተረፍሽ ካላት በኋላ «ሁለተኛ ከወደቅሽ ግን የምትነሺ አይመስለኝም» አላት። ክረምቱ ሊገባ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። በዚህ ዳሌ ፈፋ መውረድ አትችልም፣ ዙሪያውን መሄድም አትችልም። ድልድዩ ካልተሠራ፣ በሕይወቷ ማንንም አስቸግራ የማታውቅ ሴት ቤት ተቀምጣ የሰው እጅ ልታይ ነው።

ጋሽ በሂደት እሑድ እሑድ ይጠይቃታል። በላይኛው መንገድ በታክሲ መጥቶ በዚያው ይመለሳል። ስለ «ብረቱ» ምሬቷን ሰባት ዓመት ሰምቷል። ስለ 14/ለ ሰባት ዓመት ጽፏል። ሁለቱ አንድ ድልድይ መሆናቸው አንድ ቀን እንኳ ውል ብሎበት አያውቅም። እንዲህ ያለውን ስህተት የሚሳሳት ሰው ከቢሮ ውጭ ተፈልጎ አይገኝም።

በዚያ እሑድ የሆነውን ከእሱም ከእሷም በየፊናቸው ሰምቻለሁ። የሚለያዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው።

እህትየው ከፍራሿ ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «እስቲ አንብብልኝ። ለእንደራሴዋ አቤት ብዬ ነበር፤ መልስ መጣ አሉኝ።»

«የምን አቤቱታ?»

«የብረቱ ነዋ! ሌላ ምን አለኝ?»

ወረቀቱን ዘረጋ። ከላይ «የእግረኛ ድልድይ ቁጥር 14/ለ» ይላል፤ ከታች የሚኒስትሩ ፊርማ አለ። መካከሉ በሙሉ የራሱ ነው። እህቱ ፊቱ አመድ መሰለ ትላለች። እሱ ግን ቤቱ ጨለምለም ያለ ስለነበረ በደንብ አላየችኝም ይላል።

«አንብበው እንጂ። ፊደል ጠፋህ?»

«እ… የተከበሩት እንደራሴ ለጉዳዩ ስላሳዩት ትኩረት ምስጋናችንን እናቀርባለን…»

«እሰይ፣ ባለጌ እንኳ አይደሉም። ቀጥል።»

«ጥገናው ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ የደረሰ ሲሆን…»

«ቆይ ቆይ። ምን ማለት ነው?»

«ያው… መቶ ሳንቃ ቢኖረው ዘጠና ዘጠኙ ተመትቷል እንደማለት ነው።»

«አንድ ብቻ ነው የቀረው?»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ታዲያ እኔ በዚያች በአንዷ ነው የወደቅሁት?»

ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበው።

«ቀጥል እንጂ።»

«ቀሪው ሥራ በሂደት ላይ ይገኛል።»

«ሂደት ምንድን ነው?»

«እየተሠራ ነው ማለት ነው።»

«ማነው የሚሠራው? ከተኛሁ ጀምሮ በሩ ላይ ነው የምውለው። ከጎረቤት ድመት በቀር ብረቱ ላይ የወጣ አላየሁም፤ እሷም ፈርታ ተመለሰች።» ወደ ወረቀቱ ጠቆመችና «ይሄን የጻፈው ሰው አንተ ጋ ነው የሚሠራው?» አለችው።

«አዎ።»

«ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«እህት አለችው?»

ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ።

«አይ፣ የለችውም» አለች ራሷ መልሳ። «እህት ያለው ሰው እንዲህ አይጽፍም።»

«እታለም፣ እስቲ ውሃ ስጪኝ» አላት።

ያን ጊዜ አውቃበት እንደሆነ ኋላ ጠይቄአት ነበር። «ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዋሽ ውሃ ይጠማዋል» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ በሂደት መምሪያ ኃላፊው ቢሮ ገባ። እኔ ፋይል ላስፈርም በር ላይ ቆሜ ነበር።

«ጌታዬ፣ 14/ለ እኮ አልተሠራም።»

ኃላፊው ቀና ብለው አዩት። «ማን አለ?»

«እህቴ።»

«እህትህ መሐንዲስ ናት?»

«ልብስ ሰፊ ናት።»

«እንግዲያው ልብስ ሲቀደድ እናማክራታለን። ድልድዩ ዘጠና ዘጠኝ ነው፤ ሚኒስትሩ ፈርመውበታል። ሚኒስትር የፈረመበት ድልድይ አይወድቅም።»

«ሰው እየወደቀ ነው፣ ጌታዬ።»

«ስለ ሰው አልተጠየቅንም። ደግመው ከጠየቁ ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ አምስት በል።» ይህን ብለው ሻያቸውን ማማሰል ጀመሩ። ጋሽ በሂደት ጡረታ ሊወጣ ሦስት ዓመት ቀርቶታል፤ እጅ ነስቶ ወጣ።

አዋላጇ ደግመው ጠየቁ። ጥያቄያቸው በተለመደው መንገድ ተንከላውሶ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ደረሰ። ሦስት መስመር ብቻ ነበር። ድልድዩን ሄዶ ያየው ማነው? መቼ ነው ያየው? በእግሩ ተሻግሮታል?

ጋሽ በሂደት ስልኩን አነሳ። «አባባ፣ የዓምናውን ያምጡልኝ።» አመጣሁለት። ሳይከፍተው ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ገፋው።

«ብረቱ ከዚህ በእግር ስንት ደቂቃ ይሆናል?» አለኝ።

«በእኔ እግር ሃያ አምስት።»

«ሃያ አምስት ደቂቃ!» አለና ባርኔጣውን አነሳ። ያለ መኪና፣ ያለ ማመልከቻ፣ ያለ ፊርማ፣ በሥራ ሰዓት፣ በዋናው በር ወጣ። እንዲህ ያለ ድፍረት በዚያ ቤት አይቼ አላውቅም።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመለሰ። ጫማው ጭቃ ነው። ሱሪው ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተተርትሯል።

«ማን መታዎት?» አለው የበሩ ጥበቃ።

«14/ለ» ብሎት አለፈ።

እንደነገረኝ ከሆነ በብረቱ ላይ በእጅና በጉልበቱ እየዳኸ እስከ መካከል ደርሷል። እዚያ አንድ የወጣ ብሎን ሱሪውን ያዘው። ወደፊት መሄድም ወደኋላ መመለስም አቅቶት፣ ፈፋው ከሥሩ እየታየው፣ ሩብ ሰዓት ያህል ተንጠልጥሎ ቆየ። «ያን ጊዜ» አለኝ፣ «በሂደት ላይ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ።» ሳንቃዎቹን የቆጠረው እዚያው ሆኖ ነው። ሌላ ሥራ አልነበረውም።

ቁጭ ብሎ በአንድ ትንፋሽ ጻፈው። ወደ ታይፒስቷ ስወስደው ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት። «ድልድዩን ሄዶ ያየ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም። ስለዚህ የታየበት ቀን የለም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ መልሱን የጻፈው ሠራተኛ ለመሻገር ሞክሮ ከመካከል ተመልሷል። ከመቶ አራት ሳንቃ ያለው ሠላሳ አንድ ነው። ባለፉት ዓመታት የተገለጹት አኃዞች ከወረቀት ወደ ወረቀት የተወሰዱ ናቸው።»

«ይህን ይፈርሙታል?» አልኩት ተመልሼ።

«ካነበቡት አይፈርሙትም።»

«ካነበቡትስ?»

«አባባ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ጽፌላቸዋለሁ። መቼ አንብበው ያውቃሉ?»

እውነቱን ነበር። መምሪያ ኃላፊው ስልክ እያወሩ ፈረሙ። የበላያቸው አለቃ ኮታቸውን እየለበሱ ፈረሙ። ሚኒስትሩ ከአርባ ደብዳቤ ጋር አብረው ፈረሙ። የእነዚህ ሰዎች ዓይን ከገጽ ግርጌ ሽቅብ ወጥቶ አያውቅም።

የጽሑፍ መልስ ብዙ ጊዜ ድምፅ ሳይሰማ መዝገብ ውስጥ ይገባል። አዋላጇ ግን በስብሰባው ቀን ተነስተው «ክቡር ሚኒስትሩ በራሳቸው አንደበት ቢያሰሙን» አሉ። ሚኒስትሩ የሚያምር ድምፅ ነበራቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንደ ድል ዜና ያነቡት ጀመር። «ሄዶ ያየ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም» ሲሉ ድምፃቸው ሞቅ እንዳለ ነበር። ሳቁ የጀመረው ከኋላ ወንበሮች ነው። ሠላሳ አንዱ ሳንቃ ላይ ሲደርሱ አፈ ጉባኤው ሳይቀሩ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል። ሚኒስትሩም ከተሾሙ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበቡትን መልሰው አነበቡ።

በማግስቱ አምስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ድልድዩ ለምን እንዳልተሠራ ያጣራል ብላችሁ ከሆነ እናንተ መንግሥት ቤት አልሠራችሁም። የሚያጣራው እንዲህ ያለ መልስ እንዴት ከቢሮ እንደወጣ ነው። ኮሚቴው ስምንት ቀን ተሰብስቦ ጥፋተኛውን አገኘ። ሠራተኛው «ከተለመደው አሠራር ውጭ ቦታው ድረስ በመሄዱ» ከሦስተኛ ፎቅ ተነስቶ ወደ ምድር ቤት፣ ወደ እኔ፣ እንዲዛወር ተወሰነ። ለምክር ቤቱ ደግሞ የማስተካከያ ደብዳቤ ተጻፈ። በጽሕፈት ስህተት ሠላሳ አንድ ሳንቃ የተባለው «ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ አምስት ከመቶ» ተብሎ ይነበብ ይላል።

ጋሽ በሂደት የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ አቀርቅሮ ነበር። ያሳዘነው መዛወሩ አልነበረም። ክረምቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ድልድዩ ላይ አንድ ሳንቃ አልተጨመረም። «እታለምን ምን ልበላት?» አለኝ። «እውነቱንም ጻፍኩት። እሱም እንደ ውሸቱ ወረቀት ሆኖ ቀረ።»

የመለሱለት አዋላጇ ናቸው። የማስተካከያውን ደብዳቤ አንብበው አልተቆጡም፣ አልጮኹም። ሦስተኛ ጥያቄ ጻፉ፤ ቅጂውንም ለጋዜጠኞች ሰጡ። «ክቡር ሚኒስትሩ ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ አምስት ከመቶ በተጠገነው ድልድይ ላይ በእግራቸው የሚሻገሩት በየትኛው ቀን ነው? ቆመን ልናጨበጭብ ስለምንፈልግ ቀኑ ይገለጽልን።»

ያ ቤት እንደዚያ ሲሯሯጥ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ይህ ጥያቄ አሥራ ሦስት ቀን አልተንከላወሰም፤ በአንድ ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ። «በሂደት ላይ» ብሎ መመለስ አይቻልም። ቀን ነው የተጠየቀው። አልሻገርም ማለትም አይቻልም፣ በፊርማቸው ድልድዩ አልቋላ! መምሪያ ኃላፊው ራሳቸው ሳንቃ ጭነው ሄዱ። አናጢ ቀን፣ በያጅ ቀን፣ ቀለም ቀቢ ቀን። በሰባት ዓመት ውስጥ በወረቀት ሃያ ዘጠኝ ነጥብ አምስት የተራመደው ድልድይ በዘጠኝ ቀን አለቀ። በአሥረኛው ቀን ሚኒስትሩ መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ እግራቸውን እያዩ ተሻገሩ። አዋላጇ አጨበጨቡ። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ወረደ።

በዚያው ቅዳሜ ጋሽ በሂደትና እኔ በታችኛው መንገድ ሄድን። ፈፋው ቡናማ ጎርፍ ሞልቶ ይጮሃል። እሱ ድልድዩን ሲሻገር ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሳንቃ እየቆጠረ ነው። መቶ አራት ሞላለት።

እህትየው በረንዳው ላይ ማሽኗ ፊት ተቀምጣለች። ምርኩዟ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ስታየን «በየት በኩል መጣችሁ?» አለች፤ መልሱን ግን ከጫማችን አወቀች፣ ጭቃ የለውም። ከመሳቢያዋ አንድ ወረቀት አወጣች። አዋላጇ ያን የማስተካከያ ደብዳቤም ሰጥተዋት ነበር።

«ይሄን ደግሞ አንብብልኝ።»

በዓይኑ ቃኘው። «የጽሕፈት ስህተት ነበር ይላል።»

«የትኛው? የድሮው?»

«አይደለም። ሠላሳ አንድ ብዬ የጻፍኩት።»

«የጻፍኩት» ሲላት ፔዳሉን አቆመች። «እና አሁን በወረቀቱ ላይ ብረቱ እንዴት ሆነ?»

«ግማሽ ከመቶ ይቀረዋል።»

«ይቅረው» አለችና ከጎኗ የተጣጠፈ ሱሪ አንስታ አቀበለችው። እንድትጥፈው የሰጣት ያ የተተረተረው ሱሪ ነው። ግራጫው ላይ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ሰማያዊ ጨርቅ ጥፋበታለች።

አገላበጠው። «እታለም፣ ቀለሙ እኮ አይሄድም።»

«አውቃለሁ። ግራጫም ነበረኝ።» ፔዳሏን መርገጥ ጀመረች። «ስትጽፍ ጉልበትህ ላይ እንድታየው ብዬ ነው።»

ሰኞ ጠዋት ያንኑ ለብሶ ምድር ቤት ገባ።